እህቴን ሳስተዋውቅ

እህቴ ስትዘፍን መጀመሪያ የሰሟት ቀሚስ ሊያሰፉ የመጡ ሴቶች ናቸው። ጎንደር አራዳ ውስጥ እሷና ጓደኞቿ በጋራ የተከራዩት ጠባብ የጥልፍ ሱቅ ነበራቸው። የስፌት መኪናዋ ሲያንኳኳ ዝም ትላለች፤ መኪናውን አቁማ በእጇ ጥልፍ ስትይዝ ግን ሳታስበው ታንጎራጉራለች። ዋጋ ብቻ ጠይቀው ሊሄዱ የነበሩ ሴቶች ወንበር ስበው ሲቀመጡ፣ በበሩ የሚያልፍ ሰው እርምጃውን ሲያዘገይ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷ ግን ቀና ብላ የሚያዳምጣት ሰው ካየች ወዲያው ታቆማለች።

እኔ ከዚያ ሱቅ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሠርግ እቀርጻለሁ፣ ክርስትና እቀርጻለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ለፀጉር ቤቶችና ለምግብ ቤቶች ባነር አዘጋጃለሁ። የአንድን ሱቅ ስም በምን ቀለም ብጽፈው ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው ዓይኑን እንደሚጥልበት ማወቅ እንጀራዬ ነው። እህቴን ለሰው የማስተዋወቁ ሐሳብም የመጣው ከዚሁ ሥራዬ ነው።

የተወለድነው ጭልጋ በኩል ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም። እህቴ ጎንደር አክስታችን ዘንድ መጥታ ጥልፍ ተማረች፤ እጇ ሲፈታና የራሷን ቤት ስትከራይ እኔን ከአባታችን ለምና አስመጣችኝ። ዩኒፎርሜን የሰፋችው እሷ፣ ወላጅ አምጣ ስባል ትምህርት ቤት የምትሄደውም እሷ ነበረች። እስከ ዛሬ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። እታለም ነው የምላት። እሷም ወንድምዓለም ትለኛለች።

አንድ ቀን ምሳ ይዤላት ስሄድ ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ሆና ታንጎራጉራለች። በሩ ላይ ቆሜ በስልኬ ቀረጽኳትና ስትጨርስ አሰማኋት።

«ይቺ ማናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ እንጂ።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ስልኩን ተቀበለችኝ። ደግማ ሰማችው። የራሷን ድምፅ ከውጭ ሰምታው አታውቅም ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም፤ መንገድ ላይ አንድ የምታውቀውን ሰው አይታ ማንነቱን ለማስታወስ የምትሞክር ትመስል ነበር።

«እናቴን ትመስላለች» አለች በመጨረሻ።

አዘዞ ውስጥ በቤቱ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ የሠራ ሽማግሌ አቀናባሪ አለ። ማሲንቆም ክራርም ይጫወታል፤ በሠርግ ሥራ ነው የተዋወቅነው። አያ ነው የምለው። ቀረጻውን አሰማሁት። አዳምጦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ዛሬውኑ አምጣት» አለኝ።

«አያ፣ እሷ እንኳ እሺ አላለችም።»

«እሺ አስብላታ። ዘፈኑን እኔ ሸጋ አርጌ እሠራዋለሁ። ሰው ጆሮ ላይ ማድረሱ ግን ያንተ ፋንታ ነው። እኔ ስንት ሸጋ ድምፅ ቀርጬ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ነው የቀረው።»

እህቴን ለማሳመን ክረምቱ በሙሉ አለፈ። ዘፈን አትፈልግም ማለት አይደለም፤ ትፈራ የነበረው አባታችንን ነው። በእኛ ቤት የሚዘፍን ሰው ሠርግ ላይ ይደሰቱበታል፣ ይሸልሙታል፣ ከዚያ ከዘመድ አይቆጥሩትም። ጭልጋ ሄጄ ለአባታችን ነገርኩት። ደጅ ላይ ቀንበር እየጠረበ ነበር፤ እጁን አላቆመም።

«ትልቅ ሴት ናት፣ አልከለክላት» አለ። «በስሜ ግን እንዳትጠራ። ገበያ ላይ ስሜ በወረቀት ተለጥፎ እንዳላይ።»

ስለዚህ የመጀመሪያው የማስተዋወቅ ሥራዬ ስም መፈለግ ሆነ። የአባት ስም የሌለው ዘፋኝ ስም። እኔ ብዙ ስም አመጣሁ፤ የአበባ፣ የወንዝ፣ የተራራ። ሁሉንም ሳቀችባቸው። በመጨረሻ እናታችን እህቴን በልጅነቷ ትጠራበት የነበረውን የቁልምጫ ስም አሰብን። አጭር ነው፣ በአፍ ይሞላል፣ ሌላ ዘፋኝ የለውም። እዚህ አልጽፈውም፤ አሁን ያ ስም እንዲነሣባት አትፈልግም። ያኔ ግን በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ሱቋ ግድግዳ ላይ ስለጥፈው ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው።

«ከእማ ወዲህ ማንም እንዲህ ጠርቶኝ አያውቅም» አለች። «አሁን ሁሉም ሊጠራኝ ነው?»

ቀጥሎ ምስሏ መጣ። እህቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት። ለእኛ አገር ሴቶች አዲስ ነገር አይደለም፤ አክስታችንም አለባት። ሐኪም አይቶት ለጊዜው የሚያሰጋ አይደለም፣ በየጊዜው እየመጣሽ ታይ ብሏት ነበር፤ ትታይም ነበር። ካሜራ ፊት ስትቆም ግን እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ይሄዳል። አንድ ፎቶ እንኳ እጇ አንገቷ ላይ ሳይሆን ማንሣት አልቻልኩም። ጓደኛዋ ከቁራጭ ጨርቆቹ መካከል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ስስ ሻሽ አውጥታ አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት። እህቴ እጇን አወረደች። አገጯ ቀና አለ። ያን ጊዜ ያነሣኋት ፎቶ እስካሁን ካነሣኋቸው ሁሉ የምወደው ነው።

በሥራዬ አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ሰው ብዙ ነገር አያስታውስም፣ አንድ ነገር ግን ያስታውሳል። ስለዚህ ሻሹን መለያዋ አደረግሁት። ቻናሏን ስከፍት ቀለሙ ወይን ጠጅ ሆነ። የስሟ ጽሑፍ ወይን ጠጅ ሆነ። ያለ ሻሹ አንድም ምስል አልለጥፍም።

«እታለም፣ ከእንግዲህ ደጅ ስትወጪም ይህን ልበሽ» አልኳት።

«እኔ ሳሙና ነኝ እንዴ፣ በመጠቅለያዬ የምለይ?»

«ሰው ሳያይሽ አይሰማሽም።»

«ሱቁ በር ላይ የሚቆሙት አያዩኝም እኮ» አለች። ግን ለበሰችው።

የመጀመሪያው ዘፈን ግጥሙ የራሷ ነው። ስለሄደ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እናታችን ትሁን፣ ድሮ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ የቀረው ሰው ይሁን፣ አላውቅም። ሁለት ስንኞቹ እንዲህ ይላሉ፦

ደጄን ገርበብ አርጌ እጠብቃለሁ፣
የተረገጠው ሣር ሲነሣ አያለሁ።

አያ ከክራርና ከማሲንቆ በቀር ምንም አልጨመረበትም። ቪዲዮውን ወለቃ ቀረጽነው፤ በመንገዱ ዳር የሸክላ ዕቃ ከሚሸጡ ሴቶች አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እነሱም ሥራቸውን ሳያቋርጡ። አንዷ ሴትዮ መሐል ላይ ሥራዋን ትታ ማልቀስ ጀመረች። ካሜራውን ወደ እሷ አላዞርኩም። ዛሬ ሳስበው ለሥራው ይጠቅም ነበር፤ ግን እህቴ በዓይኗ ተው አለችኝ።

ዘፈኑን ከመልቀቄ በፊት ሰውን ማስለመድ ነበረብኝ። ከዘፈኑ አንድ ስንኝ ብቻ እየቆረጥኩ፣ አንዴ በሱቋ መስኮት፣ አንዴ መርፌ ስትሰካ፣ አጫጭር ቪዲዮ እለጥፍ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚያዩት የፎቶ ቤታችን ደንበኞችና የክፍል ጓደኞቼ ነበሩ። ቆይቶ የማላውቃቸው ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ። ይቺ ሻሽ የለበሰችው ማናት? ሙሉው መቼ ነው? እኔም ለእያንዳንዱ እመልሳለሁ። ማታ ቤት ስገባ እራት ላይ አነብላታለሁ፤ እሷ እንጀራውን እየቆረሰች «ይኼ ደግሞ የት አገር ነው ያለ?» ትለኛለች። ባሕር ዳር ስላት ትገረማለች፤ ሐዋሳ ስላት እንጀራውን መቁረስ ታቆማለች።

ዘፈኑ ወጣ። ጥሩ ጀመረ። እኔ ሁለተኛውን ለመቅረጽ አያ ዘንድ ስመላለስ፣ ጸጥታው ደፈረሰና የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በነጋታው ይመለሳል አልን። አልተመለሰም። የለፋሁበት ቻናል፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ስልኬ ውስጥ እንዳለ ጨለመ። ምን እንደተባለ፣ ማን እንዳየው፣ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ማወቅ አልቻልኩም። ሰው ከዚህ የባሰ መከራ ላይ ነበርና ስለ ዘፈን ማማረርም ያሳፍር ነበር።

መላ ያመጣው አያ ነው። «ምነው፣ ድሮ ኢንተርኔት ነበር እንዴ?» አለኝ። «ካሴት በእጅ ነበር የሚሄድ።»

ዘፈኑን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ገልብጬ መዞር ጀመርኩ። ስልክ የሚጠግኑ ቤቶች ለደንበኛ ሙዚቃ ይጭናሉ፤ እነሱ ዘንድ ሄድኩ። ለባጃጅ ሾፌሮች ሰጠሁ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን እስከ ጠዳ የሚሠሩ የሚኒባስ ረዳቶችን ለምኜ አስጫንኩ። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ስሟንና ፎቶዋን ከነሻሹ አያያዝኩ፣ ዘፈኑ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሄድ ማን እንደሆነች አብሮ እንዲሄድ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሳልፍ ከአንድ ድምፅ ማጉያ ሰማኋት። ቆም ስል አንዲት ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ፦ «ያ ወይን ጠጁ አልቆብኛል፤ ሁሉም የዘፋኟን ነው የሚለኝ።»

ሮጬ ሱቅ ሄጄ ነገርኳት። እህቴ ሥራዋን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከጣቶቿ ሥር እየሳቀች ነበር። ያን ሳቋን ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ድምፅ ያለው ሳቅ ነበር።

ለጥምቀት ሰሞን በከተማው ውስጥ የሙዚቃ ዝግጅት የሚያሰናዳ ሰው በዚያው ጊዜ እህቴ እንድትዘፍንለት ሊጠይቅ መጣ። ኢንተርኔት የለም፣ ማስታወቂያው በፖስተር ነው፤ ፖስተሩንም እኔ እንድሠራው ተስማማን። እህቴን መሐል ላይ አደረግኋት። የተለጠፈ ቀን ከፒያሳ እስከ አራዳ በእግሬ ሄጄ እያንዳንዱን አየሁት። አንድ ሽማግሌ ቀርበው ስሟን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ አይቼ ቆምኩ።

በልምምዱ ነው የጀመረው። የሁለተኛው ዘፈን ረጅሙ ስንኝ ላይ ትንፋሿ ያጥራታል። አያ ክራሩን አቁሞ «ደክሞሻል፣ ተይው ለዛሬ» ይላታል። በሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ተኝታ ሳለ ጉሮሮዋ ሲያፏጭ ሰማሁ። ሻሿን ፈታ በመስታወት ፊት ስትቆም እንቅርቱ ቀድሞ የማውቀው እንዳልሆነ እኔም አየሁ። ሐኪሙ ከባለፈው ምርመራ ወዲህ በአንድ ጎኑ በፍጥነት እንዳደገና የመተንፈሻ ቱቦዋን እየገፋ እንደሆነ ነገረን። መውጣት አለበት አለ።

«ዘፋኝ ናት» አልኩት።

ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ አንገት ሳለ፣ ለድምፅ የሚሄደው ነርቭ በየት እንደሚያልፍ አሳየን። ክር ያህላል፤ እብጠቱ ደግሞ ከላዩ ተጠምጥሟል። «የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ» አለ። «ግን ነርቩን ለማትረፍ ብዬ መጥፎውን ነገር ውስጥ ልተው አልችልም።»

እህቴ ሥዕሉን ወደ ራሷ አዙራ እንደ ጥልፍ ንድፍ አየችው።

«ከጥምቀት በኋላ ቢሆንስ?» አለች።

«እስከዚያ መጠበቅ አይቻልም፣ እህቴ።»

ሆስፒታል ልትገባ ባለችበት ዕለት አያ ቤት ሄድን፤ ራሷ ነች የፈለገችው። ሁለተኛውን ዘፈን ልትጨርሰው ሞከረች። ግማሽ ላይ ትንፋሽ አነሣት። አያ መቅረጫውን ሳያጠፋ ተቀምጦ ቀረ። በዚያ ቀረጻ መጨረሻ ላይ ያለው የእሷ ሳል፣ የወንበር መንቋቋትና «በቃ» የምትለው ቃል ነው።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ሐኪሙ እንዲህ ነው ያለን፣ እውነቱንም ነው። ሕይወቷ ተርፏል። ነርቩ ግን በእብጠቱ ውስጥ ድረስ ተይዞ ስለነበር አብሮ ተቆርጧል። ስትነቃ አፏን ከፈተች፤ የወጣው አየር ብቻ ነበር። እንደገና ሞከረች። እኔን አየችኝ፤ በከንፈሯ ወንድምዓለም እንዳለች አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት አልሞከረችም።

አባታችን ከጭልጋ መጣ። መንገድ ላይ አድሮ፣ በትሩን ይዞ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ገባ። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያት። ዘፈኗ በሚሞሪ ካርድ እኛ አገር ድረስ ደርሶ እንደነበር ከእሱ ነው የሰማነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰዎች ሲያዳምጡ ቆሞ ሰምቶ፣ የማን ልጅ ናት ሲባል ዝም ብሎ እህሉን ተሸክሞ ወጥቷል።

«የእኔ ናት ማለት ነበረብኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እሷ እንዳትሰማ ያደረገ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ ሌላ ወረቀት ስትለጥፍ ስሜንም ጻፈው» አለኝ።

ምን እንደደረሰባት አልገባውም ነበር። ቁስሉ ሲድን ድምፅም የሚመለስ መስሎታል። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፖስተሮቹን እኔው ራሴ አነሣኋቸው። አዘጋጁ ሰው እልካለሁ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። አንዳንዱ በሙጫ ተጣብቆ አልላቀቅ ስላለ ፊቷን በጥፍሬ መፋቅ ነበረብኝ። አንድ የሱቅ ባለቤት ወጥቶ «ምነው፣ ልጅቷ ቀረች እንዴ?» አለኝ። አሟት ነው አልኩት። «እግዜር ይማራት፣ እኛ ለእሷ ነበር የምንገባ» አለኝ።

በሕክምናና በልምምድ ብዛት ድምፅ የሚመስል ነገር ተመለሰላት፤ ሻካራ ሹክሹክታ ነው። ቅርብ ካልሆንክ አይሰማም፤ ትንሽ ከተናገረች ይደክማታል። ወደ ሱቋ ተመለሰች። ደንበኞች ሲመጡ ጓደኛዋ ታነጋግራቸዋለች።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቻናሉን ከፈትኩት። እኛ ጨለማ ውስጥ ሳለን ዘፈኑ ዓለምን ዞሯል። የተመለከተው ሰው ብዛት አንድ ጊዜ የተመኘሁትን አልፎ ሄዷል። አስተያየቱን ሳነብ ዋልኩ። አንዷ ለሞተ ባሏ እንደምታዳምጠው ጽፋለች። አንዱ ልጁ ካልሰማችው እንደማትተኛ ይናገራል። ከዚያ እየዋለ እያደረ ሲሄድ ጥያቄው ይበዛል፦ አዲስ ሥራ መቼ ነው? ምነው ጠፋች? ታች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጀምሯል።

ያን ሌላ ነገር እህቴ የሰማችው ባጃጅ ውስጥ ነው። ከሐኪም ስንመለስ ወደ አራዳ የሚሄድ ባጃጅ ተሳፈርን። ሾፌሩ ጥቂት እንደተጓዝን ዘፈኗን ከፈተው። እጇን ያዝኳት። አጥፋው ልለው ስል ጣቶቼን ጨብጣ ከለከለችኝ። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ በመስታወቱ አየን።

«ይቺን ልጅ ታውቋታላችሁ? የእኛው አገር ልጅ ነበረች።»

«ነበረች?» አልኩት።

«ሞታለች አሉ። አንድ ዘፈን ብቻ ዘፍና ሞተች። ምን የመሰለች ልጅ ናት፣ ታሳዝናለች።»

እህቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ በዚያ ሹክሹክታዋ፣ «ነፍስ ይማር» አለችው። ሾፌሩ አልሰማትም። እኔ ነኝ የሰማሁት። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልወረድንም፤ መውረጃችንን አልፈን ሄድን።

ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደወለልኝ፤ የዘፋኞችን ሥራ በኢንተርኔት የሚያሰራጭ ነው። ስለ ሕመሟና ግማሽ ላይ ስለቆመው ዘፈን ስነግረው አዘነ፤ ማዘኑም የምር ነበር። ከዚያ ግን እንዲህ ያለ ስም እንዲሁ መጥፋት የለበትም አለኝ። ሰው ስሟን፣ ቀለሟን፣ ሻሿን ያውቃል። የቀረችን ግማሽ ዘፈን አለች። ድምፅዋን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አስተምረን እንጨርሰዋለን፣ ማንም አይለየውም አለኝ። ቀረጻውን ላክሁለት። ለምን እንደላክሁት አውቃለሁ፤ ያቺን ድምፅ አንዴ እንኳ አዲስ ነገር ስትል መስማት ፈልጌ ነበር።

የላከልኝን ለብቻዬ ሰማሁት። እሷ ነበረች። ግማሹ ላይ ከቆመችበት ተነሥታ ቀጠለች፤ ረጅሙን ስንኝ ወጥታ፣ ቀስ ብላ ወረደች። አለቀስኩ። ሳልነግራት ብደብቃት ይሻል እንደሁ አሰብኩ፤ ግን ስሟ የእሷ ነው። ሱቋ ወስጄ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኋት።

ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጠጋ አልኳት።

«ትንፋሽ አትወስድም» አለችኝ።

«ማን?»

«ይቺ። እኔ ካቆምኩበት እስከ መጨረሻ ስትዘፍን አንዴም አየር አልሳበችም። እኔ እኮ እዚያ ቦታ ላይ ነው የታነቅሁት።»

«ማስተካከል ይችላሉ፣ እታለም።»

«ይችሉ ይሆናል።» አረፍ አለች፤ ድምፅዋ እየደከመ ነበር። «ወንድምዓለም፣ ያን ስም እማ ናት ያወጣችልኝ። ለዚህች አልሰጣትም።»

ለሰውየው ደውዬ አይሆንም አልኩት። አልተከራከረኝም። ከዚያ እህቴ ራሷ ቪዲዮ እንድቀርጽላት ጠየቀችኝ። ሱቋ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ሻሽ ተቀመጠች። የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ በግልጽ ይታያል። ማይክራፎኑን አፏ ሥር አደረግሁት፤ ያም ሆኖ የመንገዱ ጫጫታ ይበልጣታል።

«እኔ ነኝ» አለች። «አልሞትኩም። ድምፄ በሕመም ሄደ። ስለሰማችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። አዲስ ዘፈን አይኖርም፤ በእኔ ስም ብትሰሙም እኔ አይደለሁም።»

ቤት ገብቼ የጀርባውን ጫጫታ በኮምፒዩተር ላጸዳው ብዬ ጀመርኩ። እንዳለ ተወው አለችኝ። እንዳለ ለቀቅሁት። ሰዎች ብዙ የደግነት ቃል ጻፉላት። አንዳንዱ አላመነም፤ ሌላ ሴት ናት አለ። ቻናሉን በሚያስተዳድር ሰው ዓይን ካየነው ያ ቪዲዮ የሥራው መጨረሻ ነበር። ከሳምንት ሳምንት የሚመጣው ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ እኔም ለሚጽፉት መልስ መስጠት ተውኩ። አያ ስቱዲዮውን አልዘጋም፤ ግን ሌሎች ዘፋኞች ሲመጡለት እኔን ለማስተዋወቁ ሥራ አይጠራኝም። ሳልነግረው ገብቶታል።

አባታችን በበዓል ይመጣል። እህቴ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጆሮው ስለደከመ የምትለውን አይሰማም፤ እሷም መጮህ አትችልም። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ቃሏን አደርስለታለሁ። አንዳንዴ የማላደርሰው ነገር ትናገራለች። «ምን አለች?» ሲለኝ «ብላ ነው የምትልህ» እለዋለሁ።

እኔ አሁንም ሠርግ እቀርጻለሁ። ቤት ውስጥ እህቴ ከጓዳ ልትጠራኝ ስትፈልግ ታጨበጭባለች፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ። ልማድ ሆኖብኛል፤ ከተኛሁበትም እነሣለሁ። በየሠርጉ አዳራሽ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል። ካሜራዬን ወደ ሙሽሮቹ ማዞር አለብኝ፤ ለዚያ ነው የተጠራሁት። እኔ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ ኋላዬ ዞር እላለሁ።